በቁም የተበላ ተዝካር

ከልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓባይነህ፣

አንተ ከባለቤትህ ከጠጅቱና ከልጆችህ ጋር፣ ከነበሬህና ከነአህያህ እንደምን ከርመሃል? የዶቃ ገደል ጊዮርጊስ ከክፉ ይጠብቃችሁ። እኔን ብትጠይቀኝ፣ ደኅና ነኝ እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል፤ ሞቻለሁ እንዳልልህ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

የእጅ ጽሕፈቱ እንግዳ ሆኖብህ ይሆናል። የራሴ ነው። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተው ወዲህ፣ ልደታ ማርያም ደጅ ከምትውል አንዲት መነኩሴ ፊደል ቆጠርኩ። የተማርኩት ጸሎት ላደርስበት አይደለም፤ አንተን ልቆጣበት ነው። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ደብተራ የምናገረውን ሁሉ እያለሳለሰ ይጽፍልህ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ «ድርሻዬን የበላኸው» ስል እሱ «የናፈቅኩህ» እያለ ይጽፍ ኖሯል። አንተም «ናፍቆትሽ ደረሰኝ» ብለህ ትመልሳለህ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ወንድሜ ያሾፍብኛል እል ነበር።

አሁን ያለ አማላጅ ልንገርህ። አባታችን ሲሞት ከወንዙ በላይ ያለው መሬት ለሁለታችን እኩል ነው ተብሎ በሽማግሌ ፊት ተነግሯል። እኔን ጡት እንኳ ሳላወጣ ለወታደር ድራችሁ ወደዚህ ሰደዳችሁኝ፤ መሬቱን አንተ አረስከው። አንድ ቁና ገብስ አልላክህልኝም። ባሌ ሲሞት መጥተህ አለቀስክ። ብርድ ነው ብዬ የእሱን በርኖስ አለበስኩህ፤ ለብሰህ ሄድክ። ይኸው ነው ያየሁት ዘመድነት።

የምፈልገውን ልጻፍልህ። ልጅ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ስሞት ካህናትና ድሃ የሚያበላልኝ፣ ስሜን የሚያስጠራልኝ የለም። ስለዚህ ተዝካሬን በቁሜ ላወጣ ነው። ልጅ የሌለው ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። ማሩን በእንስራ ከድኜ አስቀምጫለሁ። ስንዴውም ጌሾውም አለ። ባለፈው የካቲት ጣልያን ከተማውን ሲያነድደው ከቤት ያወጣሁት ያንን ማር ነው። ቀመሪያ «ሰው ነፍሱን ይዞ ይሮጣል፣ አንቺ እንስራ ታቅፈሽ ትሮጫለሽ!» ብላ እስከ ዛሬ ትነግርብኛለች። ቀመሪያ ጎረቤቴ ናት፤ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ በርበሬ ትቸረችራለች። እስላም ናት፤ ከዘመድ ግን ትሻላለች። የቀረኝ ለጠላው የሚሆን ገብስ ነው። ከድርሻዬ ላይ ገብስ ላክልኝ።

ይህን የሚያደርስልህ ሁመድ የሚባል ጨው ነጋዴ ነው። ወደ እናንተ አገር እየተመላለሰ ይነግዳል። ደብዳቤውን ከበቅሎው ኮርቻ ሥር ሰፍቶ ይወስደዋል። መልስህንም ለእሱ ስጥ።

አውሮፕላኑ በየጠዋቱ ከልደታ ሜዳ ይነሣል። በቤቴ ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ወደ እናንተ አቅጣጫ ሲዞር ደጄ ቆሜ አየዋለሁ።

እኅትህ ድንቅነሽ


ከዶቃ ገደል፣ ቡልጋ
ታኅሣሥ 27 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእታለም ለድንቅነሽ፣

የልደታ እመቤት ጤናሽን ትስጥልኝ፤ ጉልበትሽን ታበርታልኝ። እኛ በጊዮርጊስ ጥበቃ እስከ ዛሬዋ ቀን አለን። ስለ ነገዋ እሱ ያውቃል።

የእጅሽን ጽሕፈት ሳይ ደስ አለኝ፤ አንብቤ ስጨርስ ግን ደብተራው ናፈቀኝ።

እታለም፣ ገብሱ ብዙ አፍ አለበት። ሌሊት ዱር ያሉት ወንድሞቻችን ይመጣሉ፤ ደስ እያለኝ እሰጣለሁ። ቀን ባንዳው ይመጣል፤ ደስ ሳይለኝ እሰጣለሁ። ከሁለቱ የተረፈውን እኔና ጠጅቱ፣ ዘነበና ሁለቱ ሴቶች ልጆች እንካፈላለን። ድርሻሽን በላህ አልሽኝ። ስትመጪ በአፍ እንነጋገራለን፤ በወረቀት ከአንቺ ጋር መጣላት አልችልም፤ ጽሕፈትሽ ከእኔ ይደምቃል።

እኔ ዘንድሮም የጊዮርጊስ ገበዝ ነኝ። ክዳኑ ያፈስሳል፤ ሣር አጭጄ ከምሬያለሁ፣ የሚያለብሰው ሰው ግን የለም፤ ጎረምሳው ሁሉ ዱር ገብቷል። ዘነበም እገባለሁ ብሎ ያስቸግረኛል። ያለኝ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ።

«አባዬ፣ እኩዮቼ ሁሉ ሄዱ እኮ» ይለኛል።

«አንተም ሂድና በሬዎቹን ጠጅቱ ትጥመዳቸው?»

«በሬዎቹንም ይዣቸው እሄዳለሁ።»

«ምን ሊያደርጉልህ? ጣልያንን ሊወጉልህ?»

«ከአንተ ይሻላሉ» ብሎኝ እርፍ። እናቱ ሳቀችና የእኔ ቁጣ ፈረሰ። በመጨረሻ ታርቀን፣ ዱር በመግባት ፋንታ ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑን ሊጠብቅ ተስማማ። በርኖሱን ለብሶ ይሄዳል፤ ሲነጋ አይመልስልኝም። የባልሽ በርኖስ እኔን ማሞቁ ቀርቷል፤ አሁን ዘነበን ነው የሚያሞቀው። ከኋላ ሲያዩት እኔ የመሰልኳቸው ሰዎች «ገበዝ እንደምን አደሩ» ይሉታል። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ በእኔ ድምፅ ይመልስላቸዋል።

አውሮፕላኑ ከአንቺ ጣራ ተነሥቶ እኛ ጋ ሲደርስ ከሰው ቀድመው የሚሰሙት በሬዎቹ ናቸው። ጆሯቸው ሲቆም ሞፈሩን ጥለን ገደል ሥር እንገባለን። ከዚያ ወጥተን ያቆምነውን ትልም እንቀጥላለን።

ጨው ላኪልን። አልጫው ለልጆቹ አልዋጥ ብሏቸዋል። ለጠጅቱም ንዳድ ይዟታልና ኪኒን ካገኘሽ ላኪላት።

ወንድምሽ ዓባይነህ


ከልደታ
ጥር 30 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለዓባይነህ፣

ጤና ይስጥህ። ጨውና ኪኒን ልኬአለሁ። የሴቶቹም ቀሚስ አለበት፤ አሮጌ ነው፣ ግን ታጥቧል።

ሁመድን ስለ ገብሱ ጠየቅኩት።

«እማማ፣ ወንድምዎ ደግ ሰው ነው» አለኝ።

«ደግነቱን ተወው። ገብሱ የታል?»

«ገብሱንማ ጣልያን በላው።»

«አንተስ ምን በላህ?»

«እኔማ የጠጅቱን እንጀራ ነው የበላሁት፤ ጨው ከሌለው ሽሮ ጋር። የጨው ነጋዴ ያለ ጨው ሲበላ አይተው ያውቃሉ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ዘመዴ ያልሆነ ሰው የድርሻዬን በልቶ መጣ። ገብሱን ከገበያ እገዛለሁ። ከአንተ ምንም አልጠብቅም። ዘነበን ሳምልኝ።

ድንቅነሽ


ከልደታ
ሰኔ 3 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጠጅቱ፣ የወንድሜ ሚስት፣

ይህን አንብቦ የሚያሰማሽን ካህን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እንዴት እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ እኔም ባሌን ቀብሬአለሁ። የደረሰባችሁን ሐዘን እግዚአብሔር የመጨረሻ ያድርገው።

መርዶውን የሰማሁት ሰንጋ ተራ ነው። ሙለታ የሚባል ከብት ነጂ በሬ ይዞ ከእናንተ አቅጣጫ መጥቶ ነበር። ዶቃ ገደል ተቃጠለ አለኝ። ጣልያን ጊዮርጊስን ከበበው፤ ገበዙን በር ላይ ገደለው አለኝ።

«አንተ አይተኸዋል?» አልኩት።

«አስከሬኑን አይቻለሁ። በሆዱ ተደፍቶ ነበር። ጥቁር በርኖስ ለብሷል።»

«በርኖሱ አንገቱ ላይ በቀይ ክር ተሰፍቷል?»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

ያንን ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ አልጠየቅኩም።

ጠጉሬን ተላጨሁ። ቤታችሁ ተቃጥሏል፣ ካህናቱ ተበትነዋል ሲሉኝ፣ እናንተ ተዝካር ልታወጡለት እንደማትችሉ ገባኝ። በአርባው ማሩን ከፈትኩ። ስንዴውን አስፈጨሁ። ጠላ ጠመቅኩ። ቀመሪያ ከፋሲካ በፊት ያስቀመጠችውን በርበሬ ሁሉ አመጣች፤ «እኔ አልበላም፣ ግን ሽታው ይድረሰው» ብላ ወጥ ቤት ስታግዝ ዋለች። የልደታ ካህናት መጡ፣ ድሃውም ግቢውን ሞላው። የክርስትና ስሙን ሀብተሥላሴ ብዬ ነገርኳቸው። ሲጠመቅ አዝዬው የሄድኩት እኔ ስለሆንኩ አልተሳሳትኩም። መምሬ ፍሰሐ፣ የንስሐ አባቴ ናቸው፣ ስሙን ደጋግመው ጠሩት። ድሃው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ።

ለራሴ ያስቀመጥኩት ነበር። አሁን እንስራው ባዶ ነው። ሕይወቱን ሁሉ ድርሻዬን ወሰደ፤ ሲሞትም ወሰደ። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ባልሽ ተዝካሩ ተበልቶለታል፤ በዚህ ተጽናኚ።

ዘነበ አንድ ወንድ ልጅሽ ነውና ዱር አይግባ። እናቱን ይጠብቅ።

ድንቅነሽ


ከገደል ሥር፣ ዶቃ ገደል
ነሐሴ 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለእታለም ለድንቅነሽ፣

የሞተ ሰው ደብዳቤ ጻፈልኝ ብለሽ እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ እኔ ዓባይነህ አለሁ። እግዚአብሔር አኖረኝ። ለምን እንዳኖረኝ ግን አልነገረኝም።

ለጠጅቱ የላክሽው ዘግይቶ ደረሰን። ወንዙ ሞልቶ ሁመድ ወዲያ ማዶ ከርሟል። ካህኑ ሲያነብልን እኔ ከጎኗ ተቀምጬ የራሴን ተዝካር ሰማሁ። ዘነበ ዱር አይግባ የሚለው ላይ ሲደርስ ካህኑ አቋረጠው። ጠጅቱ ተነሥታ ወጣች።

እታለም፣ የሞተው ዘነበ ነው።

ጣልያን እየመጣ መሆኑን ሌሊት ሰማን። ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ወደ ዋሻው እንዲወርዱ ተስማማን። መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝና መራኋቸው። በር ላይ ሰው ቢጠፋ ታቦቱ እንደወጣ ያውቁና ይከተሉናል ብዬ ፈራሁ። ዘነበ «እኔ እቆያለሁ፤ ሲቀርቡ ሮጬ እመጣለሁ» አለኝ። ትቼው ሄድኩ። በቅጥሩ ጥግ የተደበቀች አንዲት ባልቴት የሆነውን አይታለች። የጣልያኑ ሹም በአስተርጓሚ «ገበዙ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዘነበም «እኔ ነኝ» አለ። «ታቦቱን የት አደረስከው?» አለው። «እኔ ገበዝ እንጂ ቄስ አይደለሁም፤ አልነካም» አለው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም።

ማታ ተመልሰን በቅጥሩ ውስጥ ቀበርነው። አንድ ካህን በጥድፊያ ፈታው። ተዝካር አላወጣንለትም። ቤታችን ነድዷል፣ ጎተራው ነድዷል፣ አንዱ በሬም ነድዷል። ዋሻ ውስጥ ሆነን የምናበላው አልነበረንም።

አሁን የምለምንሽ ይህንን ነው። በእኔ ስም ሞተ፤ በእኔ ስም ደግሞ ተበላለት። አንቺ ያወጣሽው ተዝካር ለእሱ ነው ማለት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተሳሳተው። የልደታ ካህናት የተማሩ ናቸው። ጸሎቱን ከእኔ ወደ እሱ እንዲያዞሩልኝ ጠይቂልኝ። የክርስትና ስሙ ገብረጊዮርጊስ ነው። ጠጅቱ ሌሊት አትተኛም። ልጄ ያለ ተዝካር መንገድ ላይ ቆሟል ትላለች። ይህ ከሆነልን ሌላ ነገር አልጠይቅሽም፤ ጨውም አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ ዓባይነህ


ከልደታ
መስከረም 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለዓባይነህ፣

ሁመድ «ወንድምዎ ሰላም ብሎዎታል» ሲለኝ በጥፊ ልመታው እጄን አነሣሁ። «እማማ፣ እውነቴን ነው፣ በሕይወት አለ!» እያለ በበቅሎው ዙሪያ ሮጠ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠኝ። ማንበቡን ባልማር ምን ነበረበት አልኩ። በመሬት ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ስለ አንተ ደስ ሊለኝ ሲል ዘነበ ይመጣብኛል፤ ለዘነበ ላለቅስ ስል ለአንተ ያለቀስኩት ትዝ ይለኛል። እንባውም እንደ ማሩ ቀድሞ አልቋል።

በማግሥቱ መምሬ ፍሰሐ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እንግዲህ ያዙሩልኝ» አልኩ።

«ምኑን ነው የማዞረው?»

«ጸሎቱን። ከአባትየው ወደ ልጁ።»

«የጠጣሁትን ጠላ መልስ ብትይኝ ይቀለኝ ነበር» አሉኝ። ሳቁና ፊቴን ሲያዩ ተዉት። «ድንቅነሽ፣ የተጠራው ሀብተሥላሴ ነው። ሰዉም ነፍስ ይማር ያለው ሀብተሥላሴን ነው። ልጅ የሌለው በቁሙ የሚያወጣው ይጠቅመው የለም? ይኸም እንደዚያው ነው። ወንድምሽ የሞተ ቀን ቀድሞት ደርሶ ያገኘዋል። ከእሱ ወስጄ ለሌላ የመስጠት ሥልጣን የለኝም።»

«ሌላ አይደለም እኮ፤ ልጁ ነው።»

«ልጁም ቢሆን በራሱ ስም ነው የሚጠራው።»

«በእሱ ስም ሞቷል እኮ፣ መምሬ። በአባቱ ስም።»

«ጸሎቱን እኛ እናደርሳለን፤ ለእሱ ምንም አንጠይቅሽም። ተዝካር ግን ድሃ ካልበላበት ተዝካር አይባልም። አቅም ስታገኙ አብሉለት። ቢዘገይም ይደርሳል» አሉኝ።

አቅም ይላሉ። ማሩ ያንተ ሆነ። አሁን ተዝካሩ የወጣለት ቆሞ ይሄዳል፤ የሞተው አልወጣለትም፤ ያስቀመጥኩት እኔ ባዶ እጄን ቀረሁ። ቀመሪያ «ሦስት ሰው በአንድ እንስራ ማር እንዴት እንዲህ ይጣላል?» ትለኛለች።

ለጠጅቱ በለሆሳስ ንገራት። ወይም አትንገራት። አላውቅም።

ድንቅነሽ


ከዶቃ ገደል
ኅዳር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእታለም ለድንቅነሽ፣

ቸሩ ጊዮርጊስ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ከዋሻው ወጥተን በአሮጌው ቤት ግድግዳ ላይ ጎጆ ቀልሰናል።

የመምሬን ቃል ለጠጅቱ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «እንግዲያው አብላለት» አለችኝ፤ ይኸው ነው ያለችው።

የገብስ ጊዜ አልፎ ነበር። ሽምብራ ግን በመስከረም እርጥበት ይይዛልና፣ ከወንዙ በላይ ያለውን መሬት በገመድ ለካሁት። ከመካከል ከፈልኩት። በአንቺ ግማሽ ላይ ሽምብራ ዘራሁ፤ የእኔን ጦም አሳደርኩት፤ ዘር የበቃው ለአንዱ ብቻ ነበር። የሚበቅለው የአንቺ ነው። ከፈቀድሽ ለዘነበ አብዪበት፤ ካልፈቀድሽም የራስሽን አውጪበት። ቃል አላወጣም። ሁለቱንም ባስብ ደስ ይለኛል።

የቀረኝ አንድ በሬ ነው። ፉፋ የሚባል ጎረቤቴም አንድ ቀርቶታል፤ ተቀናጅተን አረስን። የእሱ በሬ ፈጣን ነው፣ የእኔ እንደ እኔ ነው። ፉፋ ስጣደፍ ያየኛል።

«ዓባይነህ፣ ተዝካርህ የተበላ ሰው ምን ያጣድፍሃል?» ይለኛል።

«ቀድሞ የደረሰ ስንቅ አለኝና ባለቤቱ እንዳይዘገይ ብዬ ነው» እለዋለሁ።

ሰዉ እንዲህ እያለ ይቀልድብኛል። ለቅሶ ቤት ስሄድ «እሱን ተዉት፣ ከወዲያ ነው የመጣው» ይላሉ። እኔም እስቃለሁ። ማታ ግን ንዳዱ ይይዘኛል። ከዋሻው ይዤው የወጣሁት ነው። ሲይዘኝ አጥንቴ ይንቀጠቀጣል፣ ሲለቀኝ አርሳለሁ። ጠጅቱ ተኛ ትለኛለች። ሽምብራው አበባ ይዟል፤ ሐምራዊ ነው። ወፍ እየጠበቅን ነው።

ኪኒን ካለሽ ላኪልኝ። ከሌለሽም ግድ የለም።

ወንድምሽ ዓባይነህ


ከልደታ
ታኅሣሥ 19 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓባይነህ፣

የልደታ እመቤት ትማርህ። ኪኒን ልኬአለሁ። የጣልያን ሐኪም ቤት ለምትሠራ ሴት ልብስ አጥቤላት ነው ያገኘሁት። እንደተቀበልከው ወዲያውኑ ዋጠው፤ ለነገ አታስቀምጥ፤ ለጠጅቱም አታካፍል።

ሽምብራውን አልፈልገውም። ለዘነበ ልታወጣ ከሆነም እዚያው ካህናቱ ሲመለሱ አውጣ። መሬቱን ጦም አሳድረው። ንዳድ ይዞህ ሞፈር አትጨብጥ። ፉፋ ይረስ፣ ፉፋ ይጨድ። መሬቱ መሬት ነው፤ ሁለታችንም ሳንኖር ነበር።

ሁመድ በቅሎ ላይ ጭኖ ያመጣሃል። ና ልደታ። ጠበሉም አለ፣ ሐኪሙም አለ። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ግን ባዶ ነው። እንጣላለን፤ ቢያንስ በአፍ እንጣላለን።

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ማንም አላለሳለሰልኝም።

እኅትህ ድንቅነሽ


ከዶቃ ገደል
የካቲት 1 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእመቤቴ ለወይዘሮ ድንቅነሽ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ጠጅቱ እናገራለሁ፣ ካህኑ ይጽፋል።

ዓባይነህ ጥር 14 አረፈ። ሽምብራውን አጭደን፣ በአውድማው ወቅተን፣ የመጨረሻውን ሲያዘራ ንዳዱ ያዘው። ፉፋ ተሸክሞ አገባው። ኪኒኑ የደረሰን ከተቀበረ በኋላ ነው። ደብዳቤውንም አላነበበውም። ካህኑ በመቃብሩ ላይ አነበበለት፤ እኔ ነኝ አንብብለት ያልኩት።

ከዘነበ አጠገብ ነው የተኛው። ቤተ ክርስቲያኑ ክዳን የለውም፤ ቅጥሩ ግን አለ። ታቦቱ ዋሻ ነው። ካህኑ ፈታው፤ ንስሐውንም ተቀበለው።

ሊሞት ሲል «ሽምብራውን ለእታለም ላኪ። ለእኔ ምንም አታውጡ፤ የእኔ ልደታ ተበልቷል። ለእኔ ታወጪው በነበረው ልጆቹን አብዪበት» አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። አሁን ግን የአገሩ ሴቶች ያሙኛል። «ባሏን እንደ ውሻ ቀበረችው፤ ንፍሮ እንኳ አልቀቀለችለትም» ይላሉ። ተበልቶለታል ስላቸው «ሳይሞት ማን ይበላለታል?» ይሉኛል። እኔም አንዳንድ ሌሊት እጠራጠራለሁ። እመቤቴ፣ በእውነት ተበልቶለታል? ስሙ ተጠርቷል? ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ይንገሩኝና ልመን።

ሽምብራው ሁመድ ጋር ነው። ስለ ዘነበ አልጠይቅዎትም። የእርስዎ ድርሻ ነው።

ጠጅቱ


ከልደታ
ሚያዝያ 25 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለጠጅቱ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እኔንም እንደዚያው። ሁዳዴ ስለገባ ዘገየሁብሽ።

ሽምብራው ሲመጣ ሁመድ አላወረደም። በቅሎዋን ደጄ አቁሞ እሱም ከጎኗ ቆሞ ያለቅሳል። ቀመሪያ ወጥታ «የክርስቲያን ለቅሶ ማን አስተማረህ? አውርድ!» ብላ ጮኸችበት፤ ከዚያ እሷም አለቀሰች። ጆንያውን ሦስታችን ጎትተን አስገባነው። ፈትቼ እጄን ከተትኩበት። ከአባቴ መሬት የበቀለ እህል ስነካ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደቃቅ ነው፤ አዳፋ ነው፤ ደኅና ሽምብራ አይደለም። ለራሴ ላድርገው ብዬ አላሰብኩም አልልሽም። አንድ ሌሊት አስቤአለሁ።

በዘነበ ሙት ዓመት አወጣሁለት። ንፍሮ ቀቀልን፣ ሽሮውን አስፈጨን፣ ዳቦም ጋገርን። ጠላው ቀጭን ነበር። ቀመሪያ «ይህ የሽምብራ ሠርግ ነው» አለች፤ ግን ከሁሉም በላይ የደከመችው እሷ ናት። ካለፈው ዓመት የበዛ ድሃ መጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች አሁንም ቤት የላቸውም። ሁሉም በላ። ሁሉም ገብረጊዮርጊስን ነፍስ ይማር አለ። እኔ በር ላይ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ ስሙን እየነገርኩ ነው ያስገባሁት፤ እንዳይሳሳቱ።

ጸሎቱ ሲያልቅ መምሬ ፍሰሐ «የአባቱንስ ልጨምር?» አሉኝ።

«የአባቱ ተጠርቷል» አልኳቸው።

አልሰሙኝም። ወይም ሰምተዋል። ሀብተሥላሴን ከልጁ ቀጥለው ጠሩት። እኔም አላስቆምኳቸውም።

እንግዲህ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ ተበልቶለታል። የዛሬ ዓመት ግቢዬ ሞልቶ ነበር። ማር ነበረ፤ ጠጁ ጥሩ ወጥቶ ነበር። ስሙ ተጠርቷል፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠጉሬን ተላጭቼ አልቅሼለታለሁ፤ ያውም በእውነት ነው ያለቀስኩት፤ የሞተ መስሎኝ ነበርና። እሱ በሕይወት ሳለ የተለቀሰለት ሰው ነው። ለሚያሙሽ ሴቶች ይህን አንብቢላቸው። ካላመኑ ልደታ ይምጡና ይጠይቁኝ፤ አድራሻዬን ሁመድ ያውቃል፤ ምላሴንም ያውቃል።

ከወንዙ በላይ ያለውን መሬት ለሁለቱ ሴቶች ልጆች ያዢው። ሲያገቡ ባሎቻቸው ወደ ሌላ አገር ቢወስዷቸው እንኳ ድርሻቸውን አትንፈጊያቸው። በየዓመቱ ከሚበቅለው ትንሽም ቢሆን ላኪላቸው።

እኔ ለራሴ ሌላ አላስቀምጥም። ጉልበቱ የለኝም፤ እንስራውንም ለቀመሪያ ሰጥቻታለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አለ። ድንቅነሽ የዓለም ስሜ ነው፤ በዚህ ስም መቅደስ ውስጥ አልጠራም። የክርስትና ስሜን ከዘመድ የሚያውቅ ዓባይነህ ብቻ ነበር። አሁን የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ለአንቺ እነግርሻለሁ፤ ለልጆቹም ንገሪያቸው። ወረቀቱ ሊጠፋ ይችላልና ካህኑ ደጋግሞ ያንብብልሽ፤ አንቺም ደግመሽ በይው፤ እስኪለምድሽ።

ወለተሰንበት